ቅጽበታዊ ጉልበት ምንድን ነው?

ቅጽበታዊ ጉልበት ማለት ጡንቻ ያለውን ኃይል ምን ያህል ቶሎ ማውጣት እንደሚችል ነው። ጉልበት ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው መጠኑን ነው፤ ማን ስንት ኪሎ ያነሳል? ፍጥነቱ ግን ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣ አይሱዙ ከባድ ጭነት ይጎትታል፣ ከቆመበት ሲነሳ ግን ቀስ ብሎ ነው። የሽማግሌ እግርም እንደዚያ ይሆናል።

ሰፈራችን ውስጥ 70ን ያለፉ ጋሼ አሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ አንስተው ግቢ ያስገባሉ፣ ማንንም አያስቸግሩም። እኚሁ ሰው በክረምት ከባጃጅ ሲወርዱ የኮብልስቶኑ ጠርዝ እግራቸውን ያዘው። ሌላውን እግር ወደፊት ሊጥሉ ሲሞክሩ ሰውነታቸው ቀደመና ወደቁ። የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ «እንዲህ ጠንካራ ሰው እንዴት ይወድቃል?» ይላል። ጥንካሬማ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ቶሎ መድረሱ ነው።

የሰው ጡንቻ ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከ0.3 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ጀሪካን ስናነሳ ጊዜ አለን፣ ቀስ እያልን እናጠነክራለን። ስንደናቀፍ ግን ያን ያህል ጊዜ የለም። የሚያድነን በመጀመሪያው 0.1 ወይም 0.2 ሰከንድ ውስጥ የሚወጣው ኃይል ነው። እርጅና ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ከ65 እስከ 89 ዓመት ያሉ ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ ነበር። የጡንቻ ጥንካሬ በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል። እግር ኃይሉን በፍጥነት የማውጣት አቅሙ ግን በዓመት 3.5 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። በ10 ዓመት ሲታሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጡንቻችን ሁለት ዓይነት ክሮች አሉት። ዝግተኞቹ ሳይደክሙ ለረጅም ጊዜ ይሠራሉ፤ ለመቆምና ለመራመድ የምንጠቀመው እነሱን ነው። ፈጣኖቹ ለመዝለል፣ ለመሮጥና ሲደናቀፉ ለመትረፍ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚቀጥኑት ፈጣኖቹ ናቸው።

ችግሩ ጡንቻው ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከአከርካሪ ወጥተው ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ከ60 ዓመት በኋላ ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ነርቭ ሲሞት፣ ያዛቸው የነበሩ ክሮች ያለ ትእዛዝ ይቀራሉ። አንዳንዶቹን በአጠገብ ያለ ነርቭ ይወስዳቸዋል፣ ብዙ ጊዜ የሚወስዳቸው ዝግተኛው ነውና እነሱም ዝግተኛ ይሆናሉ። የቀሩት ይጠፋሉ። በዚህ ላይ ነርቮቹ ትእዛዝ የሚልኩበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጅማትም እንደ ድሮው አይወጠርም። ሁሉም ተደምሮ እግር ይዘገያል።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የጡንቻ መመናመን ሳርኮፔኒያ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው ኧርዊን ሮዘንበርግ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1989 ነው። ለብዙ ዓመታት ትኩረቱ የሥጋው መጠን ላይ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች አስቀድመው የሚያዩት ጡንቻው የሚሠራውን ነው፤ ትክክልም ይመስለኛል።

ጎንደሬ ሽማግሌ ዳገት ይወጣል፣ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያውን ተደግፎ ሰዓታት ይቆማል። ሁለቱም ለልብና ለጽናት ደግ ናቸው። ግን ሁለቱም ዝግ ያሉ ናቸው፣ ፈጣኖቹን ክሮች እምብዛም አይቀሰቅሱም። በሕማማት ሳምንት የሚሰገደው ስግደት የተለየ ነው፤ ወርዶ መነሳት፣ ደግሞ መውረድ። ለእግር ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም፤ ብቻ በዓመት አንድ ሰሞን ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። ለሽማግሌ ካለን አክብሮት የተነሳ ሥራውን ሁሉ እንቀማዋለን። እማማ ከዱካ ሊነሱ ሲሉ ሁለት ሰው ብብታቸውን ይዞ ያነሳቸዋል። «ኧረ አረፍ ይበሉ!» እንላለን። በቀን አስር ጊዜ ሊነሱ የነበሩት እማማ አንድም ጊዜ በራሳቸው ሳይነሱ ይመሻል። ያልተጠቀሙበት ጡንቻ ይሄዳል። አጠገባቸው ቆሞ መጠበቅ ይሻላል፤ እጅ የሚዘረጋው ሲያቅታቸው ነው።

አቅምን ማወቅ ቀላል ነው። ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ሁለት እጆችን ደረት ላይ ያጣምሩ፣ አምስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተነስተው ይቀመጡ። ሰው በስልክ ሰዓት ይያዝ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግር ደክሟል ማለት ነው።

ደስ የሚለው፣ የሄደው ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ግድም የሆነ 10 ሰዎችን ለ8 ሳምንት ክብደት አሠራ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ! ይህ የጥንካሬ ልኬት ነው። ፍጥነትንም ለማግኘት ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት መንገድ ቀላል ነው፦ ሲነሱ በተቻለ መጠን ቶሎ፣ ሲወርዱ በቀስታ።

ጂም አያስፈልግም። በዚያው ወንበር ላይ ቶሎ ይነሱ፣ ሦስት እየቆጠሩ ይቀመጡ። ስምንት ጊዜ ከሠሩ በኋላ ትንፋሽ ሰብሰብ አድርገው ይድገሙት። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ጠረጴዛ መያዝ ነውር የለውም። ትንፋሽ አይያዝ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም በቅርቡ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ይጀምር።

ምግብም አይረሳ። አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 55 ኪሎ ለሆኑ እናት ከ55 እስከ 66 ግራም ማለት ነው። ጾም ላይ ይህን መሙላት ይከብዳል። ስለዚህ ሽሮው ወፈር ይበል፣ ምስሩ ይብዛ፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ሽምብራም ይጨመርበት። ፍስክ ሲሆን እንቁላልና ወተት አሉ። ከ8 ሳምንት በኋላ ወንበሩን አውጥታችሁ ሰዓቱን እንደገና ያዙላቸው።