ዑደት፦ ከዐውድማ እስከ ሞተር

«ዑደት» የመጣው ከግእዙ «ዖደ» ነው፤ ዞረ ማለት ነው። ወንድሙ «ዐውድ» በግእዝ ክብ ስፍራንም፣ አደባባይንም፣ እህል የሚበራይበትን ሜዳም ይጠራል። ደንቢያ ላይ መሬቱ ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ ሲደርቅ፣ ነዶው ተበትኖ በሬዎች እየዞሩ ሲያበራዩት ያየ ሰው የቃሉን ሥር መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ አግኝቶታል። ዛሬ ቃሉ ብዙ ሙያ ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር አይልበትም። አንዱ የሚደጋገም ጊዜን፣ ሌላው የተዘጋ ቅርጽን፣ ሦስተኛው ዞሮ መምጣትን ብቻ ይለዋል። ስለዚህ ዑደት በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተመልሶ የሚመጣው ምኑ ነው?» የሚለው ነው።

ጎንደር ላይ ቃሉ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በንግሥ ቀን ታቦቱ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በሆሳዕና ደግሞ ካህናቱ ዘንባባ ይዘው በአራቱም ማዕዘን እየቆሙ ወንጌል እያነበቡ ይዞራሉ። ክብ ሆኖ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ለዚህ የሚመች ነው፦ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ፣ አንዱ ሌላውን እንደ ቀለበት ያቅፋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ እዚህ ላይ የተለየ ነው፤ አሁን ያለው ሕንፃ አራት ማዕዘን ሲሆን ክብ ሆኖ የሚዞረው ዙሪያውን የከበበው ግንብ ነው።

ቃሉ ከሁሉ ይልቅ በቁጥር ተፈትሾ የሚገኘው በዓላትና አጽዋማት በሚወጡበት ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ ነው። ሊቃውንቱ ሰባት ዐውዳት ይቆጥራሉ። ዐውደ ዕለት 7 ቀን ነው፤ ዐውደ ወርኅ በፀሐይ 30፣ በጨረቃ 29 ወይም 30 ቀን፤ ዐውደ ዓመት በፀሐይ 365 ቀን ከሩብ፣ በጨረቃ 354። የቀሩት አራቱ በዓመት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ዐውደ አበቅቴ 19፣ ዐውደ ፀሐይ 28፣ ዐውደ ማኅተም 76፣ ዐውደ ቀመር 532። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ዓመቱ በየተራ በስማቸው የሚጠራ ወንጌላውያን በ4 ዓመት፣ ዕለታት በ7፣ ጨረቃ በ19 ይዞራሉ፤ 4 በ7 ሲባዛ 28፣ 4 በ19 ሲባዛ 76፣ ሦስቱም ሲባዙ 532 ይሆናል። ዕለትም፣ ወንጌላዊም፣ ጨረቃም አንድ ላይ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ እናውጣ። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው (1 ማቴዎስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ)። 7518 እና 1879 ተደምረው 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ ስለሆነ 3 ሐሙስ ነው፣ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ቀጥሎ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (በ19ኙ ዐውድ ውስጥ ያለው ቦታ) 12። 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል) አበቅቴ 12፤ ይህ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የተጠራቀመ ቀን ነው። 12 በ19 ተባዝቶ 228፣ ሲገደፍ መጥቅዕ 18፤ አጽዋማቱ የሚወጡት ከዚህ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልመጡ ስሌቱ ተበላሽቷል፤ ከዚህ የተሻለ ማመሳከሪያ የለም።

መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ላይ ነው፤ ቀኑ እሑድ፣ የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 7። 18 እና 7 ተደምረው መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው፤ 25 እና 9 ተደምረው 34፣ ሠላሳው ሲነሣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ሆነ። ከ532 ዓመት በፊት በ1486 ዓ.ም.ም ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበር።

ጀማሪ የሚሳሳተው ማባዛቱ ላይ አይደለም። በስልክ ካልኩሌተር 7518ን ለ4 ሲያካፍል 1879.5 ይወጣለታል፤ ግማሿን ካልጣለ ዕለቱ ይዛባል። ለ19 ተካፍሎ 1 ሲተርፍ ወንበሩ ዜሮ ነው፤ ያኔ መጥቅዕ ዜሮ ሳይሆን 30 ይባላል፣ በ2006 ዓ.ም. እንደሆነው። ምንም ካልተረፈ ወንበሩ 18 ነው። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓሉ ወደ ጥቅምት ይሻገራል፤ ይህን የረሳ ሰው በዓላቱን ሁሉ ያለወራቸው ያውላቸዋል።

ዐውዱ በወረቀት ላይ ፍጹም ይዘጋል፣ በሰማይ ላይ ግን ትንሽ ይተርፈዋል። 19 ዓመት በ365.25 ሲሰላ 6939.75 ቀን ነው፤ በዚያው ጊዜ የሚቆጠሩት 235 እውነተኛ የጨረቃ ወራት ደግሞ 6939.69 ገደማ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ሲጠራቀም ግን በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። የተሰላችው ጨረቃ ከምትታየው ጨረቃ ቀናት ወደ ኋላ የምትቀረው በዚህ ነው። ስሌቱ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ ስሌቱ የራሱን ዐውድ በትክክል ይጠብቃል።

ሒሳብ ይህንኑ በቀሪ መቁጠር ብለን የምናውቀውን ሥራ በሰፊው ያጠናዋል። የሳምንቱ ዕለታት አንድ ዑደታዊ ስብስብ ናቸው፤ 7 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር የማይካፈል) ስለሆነ በሁለት በሁለት ብንዘልም፣ በሦስት በሦስት ብንዘልም ሰባቱንም ዕለት ሳንነካ አንመለስም። 12 ቁጥር ባለው የሰዓት ገጽ ላይ ግን በአራት በአራት የዘለለ ሦስት ቁጥር ብቻ ረግጦ ይመለሳል። በጂኦሜትሪ ዑደታዊ አራት ማዕዘን ማለት አራቱም ጫፎቹ በአንድ ክብ ላይ የሚያርፉለት ነው፤ ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ተደምረው 180 ዲግሪ ይሰጣሉ። እዚህ የሚደጋገም ነገር የለም፣ ክቡ ብቻ ነው ስሙን የሰጠው።

ጋራዥ ሲገባ ቃሉ ወደ መደጋገም ይመለሳል። ባለ አራት ምት የባጃጅ ሞተር ይስባል፣ ያምቃል፣ ይፈነዳል፣ ጭሱን ያስወጣል። ለዚህ አንድ ዑደት ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ሁለት ጊዜ፣ ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንድ ጊዜ ይዞራል። ፒስተኑ አናት ላይ የሚደርሰው ግን ሁለት ጊዜ ነው፦ አንዴ አምቆ፣ አንዴ ጭስ አስወጥቶ። የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሮከራቸው (ቫልቩን የሚገፋው ክንድ) በጣት ሲነቀነቅ ላላ ይላል። በሁለተኛው ላይ አስተካክሎ የዘጋ መካኒክ ተመልሶ ይከፍታታል። ሁለቱን ዘንጎች የሚያገናኘው የካም ካቴና አንድ ጥርስ ከዘለለ ደግሞ ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ነዳጁም እየመጣ፣ ባጃጇ የጎንደሩን የጎሃን ዳገት እምቢ ትላለች። ካርቡሬተር ከማፍረስ በፊት የሁለቱን ዘንጎች ምልክቶች ማገጣጠም ይቀድማል።

በሰው አካል ውስጥ ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጥበት የሲትሪክ አሲድ ዑደት አለ፦ ከምግቡ የመጣው ባለ 2 ካርበኑ አሴቲል ከባለ 4ቱ ኦክሳሎአሴቴት ጋር ተጣምሮ ባለ 6 ካርበን ሲትሬት ይሆናል፤ ሁለቱ ካርበን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥተው ባለ 4ቱ ተመልሶ ይገኛል። የሚመለሰው ተቀባዩ ኦክሳሎአሴቴት ነው እንጂ ምግቡ አይደለም፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ይደናገራሉ።

ዕቁብተኛ «ዙር» ይላል፣ ዑደት አይልም፤ 20 ሰው በወር የሚጥለው ዕቁብ በ20 ወር ይዘጋል። «አዙሪት» ደግሞ ሌላ ስሜት አለው፤ ውኃ ላይ ሰውን የሚውጠው፣ የድህነት አዙሪት ሲባልም መውጫ የጠፋበት ነው። ትርጉም ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን ሲያምታቱ የወቅቶች ዑደት መርገም ይመስላል።

በኬሚስትሪ ጊዜም መዞርም የለም፤ አተሞች ቀለበት ሠርተው መያያዛቸው ብቻ ነው። ሄክሴን 6 ካርበንና 14 ሃይድሮጅን አለው። ሁለቱ ጫፎቹ ተያይዘው ሳይክሎሄክሴን ሲሆን ሃይድሮጅኑ 12 ነው፤ ለመዝጊያዋ ቦንድ ከየጫፉ አንድ አንድ ሃይድሮጅን ተነሥቷል። ሳይክሎፕሮፔን በሦስት ካርበን ብቻ ሲዘጋ ማዕዘኑ 109.5 መሆን ሲገባው ወደ 60 ዲግሪ ተጨቁኖ ስለሚወጠር በቀላሉ ይከፈታል።