ኦፓል፣ ወርቅና ብርሃን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች እስከ ቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ድረስ፣ ገዢ ወርቁንም ሆነ ኦፓል የተባለውን የወሎ የከበረ ድንጋይ ወደ ብርሃን እያገላበጠ ያያል። ልማዱ መልካም ነው፤ የታየው የሚተረጎምበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

«በኦፓል ላይ የሚፈራረቁት ቀለሞች በድንጋዩ ውስጥ ያለ ማቅለሚያ ናቸው።»

አይደሉም። ኦፓል ከ150 እስከ 350 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ድቡልቡል የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ቅንጣቶች የተገነባ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ በሥርዓት በተደረደሩበት ቦታ ሁሉ ነጩን ብርሃን በሞገድ ርዝመቱ ይለያዩታል። ትናንሾቹ ሰማያዊ ብቻ ሲሰጡ ቀይ የሚገኘው ከትልልቆቹ ነው። ስለዚህ ቀለሙን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው፣ ዓይን ፈጽሞ ሊያየው የማይችለውን የቅንጣት መጠን እየለካ ነው።

«ውሃ ውስጥ ገብቶ ቀለሙ ከጠፋ ሐሰተኛ ነው።»

በዚህ ምክንያት ሻጭና ገዢ ሲካሰሱ ማየት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2008 በወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ በዓለም የታወቀው የወሎ ኦፓል አብዛኛው ውሃ የሚመጥ ነው። በደረቀ ጊዜ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን የሚሞላው አየር ነው፤ የአየር የብርሃን ስብረት ልክ (ብርሃን ወደ ቁሱ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳይ ቁጥር) 1 ያህል፣ የሲሊካው ደግሞ 1.45 ገደማ ስለሆነ፣ ብርሃኑ በሁለቱ ድንበር ላይ ይበተናል። ልኩ 1.33 የሆነው ውሃ አየሩን ሲተካ ልዩነቱ ይጠብባል፤ ድንጋዩም እንደ መስታወት ይጠራል፣ የቀለም ጨዋታውም ይደበዝዛል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃ የመጠጠ ኦፓል ክብደቱም ስለሚጨምር፣ ሳይደርቅ ማስመዘን ተገቢ አይደለም።

«የኤክስሬይ ማሽን ካራቱን ካሳየ ወርቁን እስከ ውስጡ አይቶታል።»

ኤክስሬይም የሞገድ ርዝመቱ እጅግ ያጠረ ብርሃን ነው። ማሽኑ የወርቁን አተሞች ቀስቅሶ የራሳቸውን ጨረር እንዲመልሱ ያደርጋል፤ ነገር ግን ወርቅ ጨረርን አጥብቆ ስለሚውጥ፣ ተመልሶ የሚወጣው ከላዩ መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ጥልቀት ብቻ ነው። ወፈር ብሎ የተለበጠ ጌጥ ሊያታልለው ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ሲኖር ጥግግቱን መለካት ወይም ጥቂት ሞርዶ መመርመር ያስፈልጋል።

«ብርሃን ናሙናን አይጎዳም።»

ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ባገኘውና የ1930ውን የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት፣ ቁስን በብርሃን የመመርመሪያ ዘዴ፣ ከቁሱ የንዝረት መረጃ ይዞ የሚመለሰው ብርሃን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ብርቱ ሌዘር በአንዲት ነጥብ ላይ ማሳረፍ ግድ ይላል። ጠቆር ያለ ናሙና ያን ጉልበት ውጦ ሊቃጠል፣ ወይም ሳይታወቅ ወደ ሌላ ውህድ ሊለወጥ ይችላል። በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ይህን ምርመራ ለመሥራት የሚዘጋጅ ተማሪ ሌዘሩን በዝቅተኛ ጉልበት ጀምሮ፣ ያንኑ ነጥብ ደግሞ በመለካት ውጤቱ አለመለወጡን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይጨምር።