የዛፍ እድገት መቆጣጠሪያና ማዳበሪያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ከተሞች የመንገድ ዳር ዛፎችን የሚንከባከቡ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት «የእድገት መቆጣጠሪያ» ብዙ ጊዜ ከማዳበሪያ ጋር ይምታታል፤ የሁለቱ ሥራ ግን ተቃራኒ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመቆጣጠሪያዎቹ በስፋት የሚታወቀው ፓክሎቡትራዞል ሲሆን፣ ከኤሌክትሪክ መስመር በታች ያሉ ዛፎች ቶሎ ቶሎ መከርከም እንዳያስፈልጋቸው ሲሠራበት ቆይቷል።

መድኃኒቱ በውኃ ተበጥብጦ በግንዱ ዙሪያ ወደ አፈሩ ይገባል፤ ሥሩ ስቦ ወደ ላይ ሲያደርሰውም ሕዋሳትን የሚያስረዝመው ጂብሬሊን የተባለው ሆርሞን ምርት ይቀንሳል። ዛፉ ማደጉን አያቆምም፤ አዲሱ ቅርንጫፍ አጠር፣ ቅጠሉም አነስ፣ ወፈርና ጠቆር ብሎ ይወጣል። ድርቅን የመቋቋም አቅሙ የሚሻሻለው በቅጠሉ በኩል የሚተነው ውኃ ስለሚቀንስ፣ በብዙ ዝርያዎች ላይም ቀጫጭን ሥሮች ስለሚበረክቱ ነው። ውጤቱ እስከ 3 ዓመት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ መጠኑ በዝርያውና በግንዱ ውፍረት ተሰልቶ ካልተሰጠ ስህተቱን ማረም ቀላል አይደለም።

ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ (ለምሳሌ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ) ለምለም ቅጠል ያወጣል፤ ለምለሙ ቅጠል ግን ተጨማሪ ውኃ ይጠይቃል፣ አስፋልት በከበበው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ዛፍ ደግሞ ይህ ውኃ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር በግምት ማዳበሪያ መጨመር፣ በእኔ እይታ፣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ሁለቱን ማቀናጀት ትርጉም የሚኖረው የጎደለው ንጥረ ነገር ታውቆ፣ ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ማዳበሪያ ሲመረጥ ነው፤ ያም ሆኖ አንዳቸውም የተጠቀጠቀ አፈርን አያላሉም።