ቲፒኤም ምንድን ነው? ዊንዶውስ 11 ላፕቶፓችሁን እምቢ ያለው በእሱ ምክንያት ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከወጣችሁ ከራምና ከሃርድ ዲስክ ቀጥሎ የምትሰሙት ቃል ይሄ ሆኗል። "ቲፒኤም አለው?" ይላል ገዢው። "አለው ባክህ፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል እኮ" ይላል ሻጩ። ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ነገሩ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ግን የለም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ፎቶ ኮፒ ቤቱም ዶርሙም ደርሷል። ብዙ ሰው በደህና ላፕቶፑ ተስፋ እየቆረጠ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ቲፒኤም ኮምፒውተር ውስጥ ያለች ትንሽ የደኅንነት ቺፕ ናት። ሥራዋ የምስጢር ቁልፎችን መጠበቅ ነው። ዋናው ቁልፍ እሷው ውስጥ ይፈጠራል፣ ከእሷም አይወጣም። ዊንዶውስ ራሱ እንኳ ያንን ቁልፍ አያየውም፤ "ይህን ፍቺልኝ፣ ይህን ፈርሚልኝ" ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷ ደግሞ ሠርታ ውጤቱን ብቻ ትሰጠዋለች። የእድር ማኅተም እንደዚያው ነው። ደብዳቤ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ጸሐፊው አይቶ ይመታላችኋል፣ ማኅተሙን ግን ቤታችሁ ይዛችሁ አትገቡም። ቫይረስ ኮምፒውተራችሁን ሙሉ በሙሉ ቢቆጣጠር እንኳ ያንን ቁልፍ ቀድቶ መውሰድ አይችልም፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

መስፈርቱን የሚያወጣው ትረስትድ ኮምፒውቲንግ ግሩፕ የሚባል የኩባንያዎች ማኅበር ነው። አሁን ሁሉም የሚያወራው 2.0 የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ከእሱ በፊት የነበረው 1.2 ያረጁ የምስጠራ ዘዴዎች ላይ የቆመ ነበር። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ቲፒኤም ማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው የተበየደ ቺፕ ነው። ሌላው ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይሠራል፤ ኢንቴል ይህንን ፒቲቲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም። ስለዚህ ላፕቶፑን ፈታችሁ "ቺፕ አላየሁም" ብላችሁ የለውም ማለት አትችሉም።

ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ለምሳሌ ላፕቶፑን የምትከፍቱበት ፒን አለ። አራት ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዴት አስተማማኝ ይሆናል? የተሳሳተ ሙከራ ሲደጋገም ቺፗ ራሷ ትቆልፋለችና፣ ሌባው በሶፍትዌር ሺህ ቁጥር በአንዴ ልሞክር ቢል አይችልም። ሁለተኛው ቢትሎከር ነው፣ የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮሱም (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ከእሱ ቀጥሎ የሚነሳው ፕሮግራምም አንድ በአንድ ይለካሉ፣ ልኬቱ ቺፗ ውስጥ ይመዘገባል። እንደ በፊቱ ከሆነ የዲስኩን ቁልፍ ትለቃለች። የተነካካ ነገር ካለ አትለቅም። መናኸሪያ ላይ ላፕቶፓችሁ ቢሰረቅ ሌባው ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካው ፋይላችሁን አያነብም። የደንበኛ መታወቂያ ኮፒና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታጭቆ የሚያድርበት የጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ከየት መጣ? ማይክሮሶፍት ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ዊንዶውስ 11ን ሲያስተዋውቅ ቲፒኤም 2.0 ግዴታ ነው አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቲፒኤም የሚባል ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ተራ ተጠቃሚ ጥቂት ነበር። ላፕቶፓችሁ ይችል እንደሆነ እዩበት ብሎ ያወጣው መመርመሪያ ፕሮግራም ደግሞ "ይሄ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን አያስኬድም" ብሎ ዝም ይል ነበር። ለምን እንደማያስኬድ አይናገርም። ውድ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ ተቆጣ። ለዴስክቶፕ ማዘርቦርድ የሚሰካው የቲፒኤም ሞጁል በሰዓታት ውስጥ ከ25 ዶላር ገደማ ወደ 100 ዶላር ተሰቀለ። ሞጁሉን ለመግዛት ከተሯሯጡት ብዙዎቹ ግን ፕሮሰሰራቸው ውስጥ ቀድሞውኑ ነበራቸው። ባዮስ ላይ ጠፍቶ ነው እንጂ። ማይክሮሶፍት መመርመሪያውን በቀናት ውስጥ አነሳው፣ በኋላ ምክንያቱን የሚናገር አድርጎ መለሰው። እኔ እዚህ ላይ ጥፋቱን ለኩባንያው ነው የምሰጠው፤ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቶ አነጋገሩ ሰውን አስበረገገ።

ያ ድንጋጤ ጥሎት የሄደው አንድ ስህተት እስካሁን አለ። ሰው ሁሉ "የእኔ ቲፒኤም ስለሌለው ነው" ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ይዘው የሚወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው አስገድዷል። የእኛ ገበያ ላይ በብዛት ያሉት የቢሮ ላፕቶፖች፣ እነ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ እነ ዴል ላቲቲዩድ፣ ለድርጅት ስለተሠሩ ቲፒኤም ከድሮም አላቸው። የሚያስጥላቸው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የፈቀዳቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ከ7ኛው የተፈቀደላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኤኤምዲ ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ወዲህ። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ ቲፒኤሙ 2.0 ቢሆንም ይወድቃል።

ማይክሮሶፍት ለዝርዝሩ ምክንያት አቅርቧል። በሙከራው ወቅት መስፈርቱን ያላሟሉት ኮምፒውተሮች ላይ የሲስተም መበላሸት 52 በመቶ በልጦ ታየ ብሏል። ይሁን። ነገር ግን 7ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 7 ከነ 16 ጊጋ ራሙ እየወደቀ፣ በ4 ጊጋ ራም የሚንፏቀቅ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ሲያልፍ ማየት ለእኔ አይዋጥልኝም። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ በዚህ ሽግግር ምክንያት 240 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ቆሻሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል። እኛ ጋ አንድ ላፕቶፕ ከወንድም ወደ እህት፣ ከእህት ወደ ጎረቤት ልጅ እየተላለፈ አሥር ዓመት ያገለግላል። የሚሠራ እቃ በዝርዝር ምክንያት ዋጋ ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዳው አዲስ መግዛት የማይችለው ነው።

አሁን የእናንተን እዩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ"አር" ጋር ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፣ ፒ፣ ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። መስኮት ይከፈታል። ካለ "ለአገልግሎት ዝግጁ ነው" የሚል ታገኛላችሁ፣ ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ የስፔስፊኬሽን ቨርዥን 2.0 ወይም 1.2 ይላል። "አልተገኘም" ካለ ገና የለውም አትበሉ። ባዮስ ገብታችሁ ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ቲፒኤም፣ ፒቲቲ ወይም ኤፍቲፒኤም የሚል ፈልጉና አብሩት። የፕሮሰሰሩን ጀነሬሽን ለማወቅ ደግሞ ከ"አይ 5" ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 6300 ከሆነ 6ኛ ነው፣ 8350 ከሆነ 8ኛ። ይህን ሁሉ ሻጩ ፊት፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት።

"ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል" የሚለውን እንደ ማስረጃ አትቀበሉ። ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም የተዘጋጀ ፍላሽ ምርመራውን ዘሎ ይጭናል፣ ይህን የማያውቅ ቴክኒሺያን ዛሬ የለም። ይሠራል ወይ? ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ የተጫነበት ኮምፒውተር ዝመና የማግኘት መብት የለውም ይላል። በተግባር ወርሃዊዎቹ የደኅንነት ጥገናዎች ሲመጡ ይታያል፣ ዓመታዊው ትልቁ ዝመና ግን በራሱ አይመጣም፣ በየጊዜው በእጅ መጫን ይጠይቃል። ይህን አውቃችሁ በቅናሽ ዋጋ ብትገዙ ጥሩ። ሳይነግሩ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቁልፉ ጉዳይ ነው። ከዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ዝመና ወዲህ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባበት ብዙ ላፕቶፕ ላይ የዲስክ ምስጠራው ሳትጠየቁ ይበራል። መክፈቻ ቁልፉ የሚቀመጠው በዚያ አካውንት ውስጥ ነው። እና አስቡት፦ ወደ ሱቅ ወስዳችሁ ፎርማት ታስደርጋላችሁ፣ ሠራተኛው ጊዜ ለመቆጠብ በራሱ ኢሜይል ገብቶ ይጨርሳል፣ እናንተ ወራት ትሠሩበታላችሁ። አንድ ቀን ባዮሱ ይዘመናል ወይም ማዘርቦርዱ ይቀየራል። ቺፗ የምታየው ልኬት ከበፊቱ ስለተለየ ወይም ቺፗ ራሷ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለተቀየረች ቁልፉ አይለቀቅም፣ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ያ ቁጥር ያለው የማታውቁት ሰው ኢሜይል ውስጥ ነው። ካልተገኘ ፋይሉ ሄደ፣ ማንም ቴክኒሺያን አይመልሰውም። ቲፒኤም በሌባ ላይ የምትዘጋውን በር በባለቤቱ ላይም ትዘጋለች።

ስለዚህ ፎርማት ሲደረግ አጠገቡ ቁሙ፣ የምትገቡት በራሳችሁ አካውንት ይሁን። ተሠርቶ ካለቀም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን የሚለውን እዩ። በርቶ ከሆነ ቁልፉን ከአካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ወረቀቱን ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡ። ባዮስ ከማዘመናችሁ በፊት ምስጠራውን ለጊዜው አቁሙት።

"ማይክሮሶፍት ሊሰልለን ነው" የሚሉም አሉ። ቺፗ በራሷ ኢንተርኔት ላይ የምትልከው ነገር የለም፣ ሶፍትዌር ካልጠየቃት ዝም ብላ የምትቀመጥ ናት። ስጋቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን ገና እ.ኤ.አ. በ2002 ይህ ዓይነት ቴክኖሎጂ ኮምፒውተሩን ከባለቤቱ ይልቅ ለኩባንያ ታዛዥ ያደርገዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮምፒውተሮች ላይ የነበሩት ቲፒኤሞች አደገኛ እንዳልሆኑ ራሱ ጽፎ ነበር፤ በ2022 ግን አዲሱን ቲፒኤም 2.0 አይቶ የፈራው ነገር እውን እንደሆነ ጻፈ። ጨዋታ ለሚወዱ፣ ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ያለ ቲፒኤም 2.0 አይከፈትም። እኔ በዚህ ደስተኛ አይደለሁም፤ ፋይል መጠበቂያ የነበረው ነገር ማን ይጫወት ማን አይጫወት የሚለውን መወሰኛ ሲሆን ስቶልማን ያለው ትዝ ይለኛል።

ላፕቶፑ በዝርዝሩ ከወደቀስ? ለተማሪና ኢንተርኔት ብቻ ለሚጠቀም ሰው በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ፣ በደንብ ይበቃል፣ ቲፒኤምም አይጠይቅም። የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ በሆነው በፓወር ግእዝ የተጻፈ የዓመታት ፋይል ያለውን ጽሕፈት ቤት ግን ወደ ሊኑክስ ግባ ብሎ መምከር ሥራውን ማስቆም ነው። ለእሱ የሚሻለው ዊንዶውስ 10ን በተራዘመው የደኅንነት ዝመና ማቆየት ነው። ለግለሰብ ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሠራል። ሴቲንጉን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ላመሳሰለ በነጻ ነው፣ ካልሆነ 30 ዶላር ነው። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 የተባለው ቨርዥን ላይ መሆን አለበት፣ መመዝገቢያው ደግሞ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል።