ቁጥር 2 ላይ የቆመው ቀልዳችን

ወገኖቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት ከቤት ኅብረት በኋላ ማዕድ ላይ የሆነ ነገር ሆነና እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ዕድሜ ልኳን ሥጋ ስትበላ የኖረች አንዲት እህታችን ለአንድ ወር ቪጋን ሆኜ ልሞክረው ብላ፣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ትታ፣ የተቀቀለ ምስሯን በትንሽ ዕቃ ይዛ መጣች። ገና ክዳኑን ስትከፍት አንዱ ወንድም "ደካማው ግን አትክልት ይበላል!" አለና ቤቱ በሳቅ። እኔም ስቄያለሁ፣ አስተማሪ ተብዬው። እሷ ፈገግ ብላ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው፣ እስክንለያይም አልከፈተችውም።

ጥቅሱ ሮሜ 14፥2 ነው፣ አልተሳሳተም። ግን ለምን እዛ ላይ ቆመ? ቀጥሎ እኮ "የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፥ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ፥ እግዚአብሔር ተቀብሎታልና" ይላል። ይሄን ቁጥር በጣም ነው የምወደው። ጳውሎስ ለሁለቱም አንድ ቃል አልሰጠም እኮ፣ ለሚበላው አትናቅ፣ ለማይበላው አትፍረድ ነው ያለው። የየራሳችንን በሽታ ያውቀዋል! የሚበላው ብዙ ስለሆነ ያሾፋል፣ የተወው ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሰው ሳህን እያየ መገሠጽ ይጀምራል፣ እናቱ ደክማ ያበሰለችውን "ይሄ እኮ ይገድላል" ብሎ ገፍቶ ይነሳል። ሮም የነበረው ጉዳይ የኅሊና እንጂ የዳይት አልነበረም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ንቀቱና ፍርዱ ግን ያው ነው።

ቪጋን የጀመራችሁ ደግሞ ዳንኤልን ትጠቅሱልናላችሁ። ጥሩ። ዳንኤል 1 ላይ 10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ወሰደ፣ ግን ምክንያቱ በንጉሡ መብል እንዳይረክስ ነው እንጂ ክብደት መቀነስ አይደለም (እንደውም "ሥጋቸውም ወፍሮ ታየ" ይላል፣ ይቺን ማንም ፖስት አያደርጋትም)። ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፣ ሌሎቹን ብላቴኖች ግን የንጉሡን መብል ስለበሉ አንድ ቃል አልነቀፋቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ ምዕራፍ 10 ላይ፣ በቂሮስ በሦስተኛው ዓመት፣ ሲያዝን "ሥጋና ጠጅም በአፌ አልገባም" ያለው ለ3 ሳምንት ነው። በሌላው ጊዜ ይገባ ነበር ማለት አይደል? ስለዚህ ወሩ አልቆ ወደ ሥጋ ብትመለሱ ወደቅን ብላችሁ አትሸማቀቁ፣ ለማንም አልተሳላችሁም።

በዛው ለመቀጠል ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት በበቂ ስለማይገኝ ሐኪም አማክራችሁ ውሰዱ፣ እንክብል መዋጥ እምነት ማነስ አይደለም።

ወደ እኛ ወደ ሳቅነው ልመለስ። እዛው ምዕራፍ ላይ "ወንድምህንም በመብል ምክንያት የምታሳዝን ከሆንህ እንግዲህ በፍቅር አልተመላለስህም" ይላል። ይሄን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ! በአንድ ዕቃ ምስር ግን ወደቅኩ። ያቺ እህት ቤቷ ሄዳ ብቻዋን ነው የበላችው፣ እኛ ደግሞ ጠግበን "ባርከን" ብለን ዘግተናል።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩ፣ አላነሳችም። ዛሬ ማታ እንደገና እሞክራለሁ፣ እናንተም የሳቃችሁ ደውሉላት።