ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ነርሶች ታካሚን ማስተማር የሚሰለጥኑት እንዴት ነው? ከጅማ አንጻር

ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተነሳላት ሴት ሆስፒታል የምትቆየው ጥቂት ቀን ነው። ቁስሉ የሚደርቀውም ክንዷ የሚፍታታውም ቤቷ ነው። ለዚያ የሚያበቃትን እውቀት የምታገኘው በአብዛኛው ከነርሶች ነው። ሕክምናውን ማወቅና ማስተማር መቻል ግን ይለያያሉ፤ ስለዚህ ስልጠና ያስፈልጋል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ለአካባቢው ዋናው ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲዋሃዱ ነው። የሚታወቀውም ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ነው። የጤና ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያዎች ድረስ ወርደው ይሠራሉ። የታካሚን ቤትና ኑሮ ማወቅ ለዚህ ሥራ ትልቅ ስንቅ ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው ነው። ስለዚህ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳትና የብብት ንፍፊቶችን መጥረግ የተለመደ ነው። ብብት ሲጠረግ በክንድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መመለሻው ይቀንሳል። ከ5 ሴቶች በአንዷ ገደማ ክንዱ ያብጣል፤ ይህ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሴትየዋ ቀድማ ካላወቀች እብጠቱን ድካም ነው ብላ ታልፈዋለች።

ሰልጣኞች መጀመሪያ የሚይዙት ተግባሩን ነው። ከቁስሉ ውስጥ ፈሳሽ የሚያወጣው ድሬን የሚባል ቱቦ እንዴት ባዶ እንደሚደረግ፣ ፈሳሹ እንዴት ተለክቶ እንደሚጻፍ ይለማመዳሉ። ብዙ ጊዜ ቱቦው የሚወጣው ፈሳሹ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ትኩሳት፣ መቅላት፣ መግል ወይም እየባሰ የሚሄድ ህመም ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መመለስ ግድ ነው። በክንድ ውስጠኛው በኩል የሚሰማው መደንዘዝ ግን የሚጠበቅ ነው፤ ይህን ቀድሞ መናገር ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው የእንቅስቃሴው ትምህርት ይመስለኛል። አስታማሚዎች በፍቅር ብዛት «አርፈሽ ተኚ፣ እጅሽን እንዳታነሺ» ይላሉ። ትከሻው ደርቆ የሚቀረው ግን እንዲህ ሲሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርንን ማጠፍ፣ ፀጉርን ማበጠር ይበቃል። ቱቦው ከወጣ በኋላ ጣቶችን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማራመድ ይጨመራል። ውሃ የሞላ ጄሪካን ማንሳት ግን ለሳምንታት አይፈቀድም። ስለዚህ አስታማሚው ከትምህርቱ ውጭ መሆን የለበትም።

ምክሩ የጅማን ኑሮ መምሰል አለበት። «ክንድሽን ከጉዳት ጠብቂ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራትም። ቡና ስትለቅሚ ረጅም እጅጌ ልበሺ፤ ምጣድ ላይ እንፋሎቱ እንዳያቃጥልሽ፤ ከተጫርሽ ቶሎ በሳሙና ታጠቢ ቢባል ግን ይገባታል። ደም ግፊትና መርፌ በሌላኛው ክንድ ይሁን የሚለው የቆየ ምክር ነው፤ ማስረጃው ግን ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ሰልጣኙ ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ሴትየዋ ክንዷን ለመጠቀም ትፈራለች።

«ገባዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ስለዚህ ነርሶች «እማማ፣ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚያደርጉት እስቲ ያሳዩኝ» ማለትን ይለማመዳሉ። እርስ በርስ እንደ ታካሚና እንደ ነርስ ሆነው ይጫወታሉ፤ የሚያይ ሰው ያርማቸዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማስተማርም ይጠቅማል። በመጀመሪያው ቀን በሕመምና በመድኃኒት መሃል ያለች ሴት ብዙ አትይዝም።

ቋንቋውም ቀላል አይደለም። ዋርዱ ውስጥ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይሰማሉ፤ ከከፋና ከዳውሮ የሚመጡም አሉ። ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም ስለ ገላና ስለ ትዳር የሚነሳው ጥያቄ ተዘሎ ይቀራል። ወንድ ነርሶችም ብዙ ናቸው፤ መጋረጃ መሳብና ፈቃድ መጠየቅ የስልጠናው ክፍል ነው። ቁስሏን መጀመሪያ ስታይ አጠገቧ መቆም፣ የጨርቅ ጡት በጡት መያዣ ውስጥ ማድረግ እንደሚቻል መንገር፣ ካለቀሰች አለመቸኮል፣ እነዚህም ልምምድ ይፈልጋሉ።

ከሆስፒታል ስትወጣ የኬሞቴራፒ ቀጠሮዋ፣ ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒንና የአደጋ ምልክቶቹ በምትችለው ቋንቋ ይጻፉላታል። ማንበብ ለማትችል በሥዕል ይሠራላታል። ሁለተኛ ቅጂው ለቅርቧ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ እብጠቱን ቀድሞ የሚያየው የዚያ ነርስ ሊሆን ይችላልና።