«እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያዳላም»፦ የአባባሉ ምንጭና ትርጉም

ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ከተበደለ ሰው አፍ ነው። ድንበሩን የተገፋ ገበሬ፣ ከውርስ የተገለለች እኅት፣ ጉልበተኛ በችሎት የረታው ምስኪን «ግድ የለም፤ እግዚአብሔር ለሰው ፊት አያዳላም» ብሎ ጉዳዩን ለላይኛው ዳኛ ያስተላልፋል። እርግማንም መጽናኛም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ይግባኝ ነው።

ይግባኝነቱ ከጥንት የመጣ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 10 እግዚአብሔርን በፍርድ የማያደላ፣ መማለጃም የማይቀበል ይለዋል፤ ወዲያውም ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንደሚፈርድ፣ ስደተኛውንም እንደሚወድድ ይናገራል። አስቸጋሪው ክፍል ዘሌዋውያን 19፥15 ነው። እዚያ ዳኛው ባለጠጋውን እንዳያከብር ብቻ ሳይሆን ለድሀም እንዳያዳላ ታዝዟል። አባባሉን ለራሳችን ጥቅም ስንጠቅስ ይህችን ሁለተኛዋን ትእዛዝ ዘወትር እንዘላታለን።

ሐረጉ ዛሬ በምናውቀው መልክ የታወቀው ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ነው። ተናጋሪው ጴጥሮስ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እርሱ ተበዳይ አልነበረም። እንዲያውም ሰው ለይቶ የኖረው እርሱ ነው።

ጴጥሮስ በኢዮጴ፣ ማለትም በዛሬዋ ያፋ፣ በባሕር አጠገብ በሚገኘው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነበር። የሞተ እንስሳ የሚነካ ሙያ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ነበር። በእኛም አገር «ፋቂ» ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስለዚህ ጴጥሮስ አንዱን አጥር አስቀድሞ የተሻገረ ይመስላል። በስድስት ሰዓት፣ እንደ እኛው አቆጣጠር በቀትር፣ ተርቦ ሳለ ራእይ አየ፤ በአራት ማዕዘን የተያዘ ታላቅ ሸማ፣ በውስጡም ሕጉ እንዳይበሉ የከለከላቸው እንስሳት ነበሩበት። «አርደህ ብላ» ተባለ፤ እንቢ አለ። ድምፁም «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» አለው። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ።

ገና ሲያመነታ ከቂሳርያ የተላኩ ሦስት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠይቁ ነበር። የላካቸው ቆርኔሌዎስ፣ ኢጣሊቄ የሚባለው ጭፍራ የመቶ አለቃ ነው። ቂሳርያ ታላቁ ሄሮድስ ያሠራት ወደብና የሮማ ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። ቆርኔሌዎስ ጸሎተኛና መጽዋች ቢሆንም ያልተገረዘ የባዕድ መንግሥት መኮንን ነው። ጴጥሮስ ሄደ፤ ቤቱ ገባ፤ ከእግሩ ሥር የወደቀውን መኮንን «ተነሣ፤ እኔ ራሴ ደግሞ ሰው ነኝ» ብሎ አነሣው። ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ፣ ከሕዝብ ሁሉ እርሱን የሚፈራና ጽድቅን የሚያደርግ በእርሱ ዘንድ የተወደደ እንደሆነ በእውነት ማስተዋሉን የተናገረው።

እኛ ቃሉን በጉልበተኛው ላይ እናነሣዋለን፤ በቂሳርያ ግን በር የተከፈተው ለገዥው ጦር መኮንን ነው። የተናቀን ሰው መቀበል አንድ ነገር ነው። አገርህን በጦር የያዘውን መንግሥት የሚያገለግል ሰው እግዚአብሔር እንደ አንተ ይወደዋል ተብሎ መስማት ግን ሌላ ነው፤ እኔ ከዚህ የከበደ ትርጉም አላገኘሁበትም።

ጴጥሮስ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ከተገረዙት ምእመናን የተነሣበት ክስም ይገርማል። «ለምን አስተማርህ?» አላሉትም፤ «ወዳልተገረዙ ሰዎች ገብተህ ከእነርሱ ጋር በላህ» ነው ያሉት። ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ሲያጠምቀው እንዲህ ያለ ሙግት አልተነሣም። ነገሩ በመንገድ ላይ ስለተፈጸመ፣ ማዕድም ስላልነበረበት ይመስለኛል።

ሐረጉ በሌሎችም መልእክታት ይመላለሳል። ጳውሎስ በሮሜ 2፥11 የሚጠቅሰው ለማስጠንቀቂያ ነው፤ ክፉ የሚሠራ ሁሉ፣ አይሁዳዊም ሆነ የግሪክ ሰው፣ በአንድ ሚዛን ይፈረድበታል። ያዕቆብ ደግሞ ነገሩን ወደ ጉባኤው መቀመጫ ያወርደዋል፦ የወርቅ ቀለበት ያደረገው «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» ሲባል፣ እድፋም ልብስ የለበሰው «ወደዚያ ቁም» ይባላል። በሠርግና በተዝካር ድንኳን ማን የት እንደሚቀመጥ ያስተዋለ ሰው ይህን ክፍል ያለ ተርጓሚ ይረዳዋል።

ጴጥሮስ ራሱ የተናገረውን ሁልጊዜ አልኖረበትም። ገላትያ ምዕራፍ 2 እንደሚተርከው በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑ ምእመናን ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ አንዳንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራሱን ለየ። በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስም በሁሉ ፊት ገሠጸው።